ጉልበቱ ጣት ላይ የለም



ወሬ ከመጀመሬ በፊት ትንሽ አስቸግራችኋለሁ። ግራ እጃችሁን ዘርጉ። በቀኝ እጃችሁ የግራውን የመሀል ጣት ያዙና ቀጥ አድርጉት፤ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አቆዩት፣ እንዳይታጠፍ። ያዛችሁት? በሉ አሁን የቀሩትን ጣቶች ጨብጡ። ጠበቅ አድርጉ እንጂ! የቀለበት ጣታችሁን ጫፍ ተመልከቱት። እምቢ አላችሁ አይደል? ማንም አልያዘውም፣ አልታመመም፣ ግን ልፍስፍስ ብሏል። ልቀቁት፤ ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አናጺ ወደ እኔ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነበር የምለው። የግራ እጁን የመሀል ጣት ጫፍ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ የመጋዝ ማሽን ወስዶበት ነበር። የተቆረጠው ጫፍ ተሰፍቶ ተመልሷል፤ ደም ገብቶታል፣ ቆዳው ይዟል። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ላኩት። እንደተቀመጠ ከኪሱ አንድ የቴኒስ ኳስ አወጣ።

«ዶክተር፣ ሌት ተቀን ይቺን ስጨምቅ ነው የምውለው። ጉልበቱ ግን የለም። መዶሻ ይወድቅብኛል።»

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም፤ ግን ተውኩት። ጣቱን ሳየው እንደ በርበሬ ቀልቶ አብጧል። ኳሷን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባኋት፤ በግልጽ አኮረፈኝ።

አልፈርድበትም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ኳስ የማድለው እኔው ነበርኩ። «ጨምቅ፣ ይበረታል» እል ነበር። ስንቱን ጣት እንዳሳበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ማታ የመጣሁት ያን ጊዜ ያልገባኝን ነገር ልነግራችሁ ነው። ጉልበቱ ጣት ላይ የለም። ጣት ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ጉልበት የሚመለሰውም ያ ሌላው ነገር ሲመለስ ነው።

እስቲ እንደገና ጨብጡ፤ አሁን ግን በሌላው እጃችሁ ከክርናችሁ በታች ያለውን ክንድ ዳስሱ። የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ጣት የሚያጥፍ ጡንቻ ጣት ውስጥ የለም። ከክንድ የሚነሱ ጅማቶች እንደ ጉድጓድ ገመድ ወርደው አጥንቱ ላይ ይታሰራሉ፤ ጡንቻው እላይ ሆኖ ይስባል፣ ጣቱ እታች ይታጠፋል። የጣትን የመጨረሻ አንጓ የሚያጥፈው ጡንቻ ደግሞ ለአራቱ ጣቶች አራት ጅማት ይልካል። የሌባ ጣት ድርሻ እንደ መለየት ብሏል፤ የመሀሉ፣ የቀለበቱና የማርያም ጣቱ ግን ሥጋቸው አንድ ላይ የተሳሰረ ነው። ቀንበር ማለት ይኼ ነው። አንዱ በሬ ትልሙ ላይ ቢተኛ፣ ሌላው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ሞፈሩ አይንቀሳቀስም። ቅድም የቀለበት ጣታችሁ የሰነፈባችሁ ለዚህ ነው። ክሎድ ቬርዳን የተባለ የስዊዘርላንድ የእጅ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን ችግር አራት ፈረስ በሚስበው የሮማውያን ሰረገላ ስም ሰየመው። በሬ ጠምዶ የሚያውቅ ሰው ግን ሰረገላ አያስፈልገውም።

እንግዲህ የጋሼ ነገር እዚህ ላይ ነው። የተጎዳው የአንድ ጣት ጫፍ ነው፤ የሰነፈው ግን እጁ በሙሉ ነው። የመሀል ጣቱ የመጨረሻ መገጣጠሚያ በሽቦ ተይዞ ሳምንታት ስለቆየ ደርቋል፤ እሱ ሲደርቅ ጎረቤቶቹን ይዞ ቀረ። የክንዱ ጡንቻም በእነዚያ ሳምንታት ሥራ ፈትቶ ሟሟ። ኳሷ ታዲያ የምታደርገው ምንድን ነው? ደህናዎቹን ጣቶች ታሠራለች፤ የደረቀውን መገጣጠሚያ አታጥፈውም፤ ገና ለጋ የሆነውን ቆዳ ደግሞ ትደቁሰዋለች።

ወደ ኋላ ልመለስና ይህ ጫፍ እንዴት ተመልሶ እንደሚሰፋ በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ ምን ያህል ስስ ነገር እንደያዛችሁ ካላወቃችሁ አትጠነቀቁለትም። ዓመቶቹን የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1962 ቦስተን ውስጥ ባቡር የቆረጠው የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ክንድ ተመልሶ ተሰፋ። በቀጣዩ ዓመት ሻንጋይ ላይ ቼን ዞንግዌይና ባልደረቦቹ የአንድ ሠራተኛን እጅ መለሱ። ጣት ግን ሌላ ነው፤ የክንድ ደም ሥር በዓይን ይታያል፣ የጣት ግን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት በማይክሮስኮፕ ሥር ተሰፍቶ የዳነው ሐምሌ 27 ቀን 1965 ጃፓን፣ ናራ ውስጥ ነው፤ ኮማትሱና ታማይ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው የሠሩት። ጣት ጫፍ ላይ ያለው የደም ሥር ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አንዳንዱ ከግማሽ ሚሊ ሜትርም ያንሳል። የሚሰፋበት ክር ከሰው ጸጉር ሲሶውን ያህል ቢወፍር ነው። የደም ሥር አሰፋፍ ካስተማሩን ሰዎች አንዱ፣ በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሌክሲ ካሬል፣ እጁን ያፍታታው ሊዮን ከተማ ከአንዲት ጥልፍ ሠሪ ዘንድ ሄዶ ነው ይባላል። ጥልፍ የምትሠሩ እኅቶች ደስ ይበላችሁ።

ደም ወደ ጫፉ ማስገባቱ አንድ ነገር ነው፤ ማስወጣቱ ይብሳል። የሚያስገባው ደም ቅዳ ተሰፍቶ፣ የሚያወጣውን ደም መልስ ግን ፈልጎ ማግኘት የሚያቅትበት ጊዜ አለ። ያኔ ጣቱ ይጠቁራል፣ ይወጠራል። በዚህ ጊዜ በውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚጠሩት ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አልቅትን። አዎ፣ ወንዝ ውስጥ የከብት አፍ ውስጥ ገብቶ የሚጣበቀውን! የሕክምናው አልቅት በንጽሕና የሚረባ ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 እንደ ሕክምና መሣሪያ ፈቅዶታል። የተጠራቀመውን ደም ይመጥጣል፤ ከምራቁ የሚገባው ነገር ደሙ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከወደቀም በኋላ ቁስሉ ለሰዓታት ይደማል። በዚህ መካከል አዳዲስ ቀጫጭን ደም መልሶች ያድጋሉ። ባላገር እናቴ ይህን ብትሰማ «እኛ በትንባሆ ስናባርረው!» ትል ነበር።

ወርክሾፕ የምትውሉ ሰዎች ስለሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ብቻ ያዙልኝ። ጫፉ ሲቆረጥ ፈልጋችሁ አንሱት። ቆሻሻ ካለው በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጉት፤ እንዳትፈትጉት። በርጥብ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከተገኘ በጨው ውኃ በራሰ የቁስል ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ እሰሩት፤ ያን ላስቲክ በረዶና ውኃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ጫፉ በረዶውን መንካት የለበትም፤ በረዶ የነካው ሥጋ ይሞታል። አልኮል ውስጥ አትክተቱት። በቀረው እጅ ላይ ደግሞ ቡና አትነስንሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እጁን ከፍ አድርጉ። ጣት ጡንቻ ስለሌለው ከክንድና ከእግር የተሻለ ይታገሣል፤ በአግባቡ የቀዘቀዘ ጣት 12 ሰዓት አልፎትም ሊሰፋ ይችላል። ያ ማለት ግን ሻይ እየጠጣችሁ ሂዱ ማለት አይደለም።

ደግሞ ሁሉም ጫፍ መሰፋት አለበት እያልኩ አይደለም። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እጅ በየቦታው የለም። ደግሞም ትንሽ ሥጋ ብቻ ከሄደ ቁስሉን በንጽሕና ሸፍኖ መተው ራሱ ጥሩ ጣት ይሰጣል። ሕፃናት ላይማ የሚገርም ነው፤ ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1974 እንዳሳየችው፣ የትንንሽ ልጆች የጣት ጫፍ ሳይሰፋ ቢተው መልሶ ያድጋል። አጥንቱን አሳጥሮ የዘጋ ሠራተኛ በጥቂት ሳምንት ሥራው ላይ ሲገኝ፣ የተሰፋለት ሰው ወራት ይቀመጣል። ይህን ሐኪማችሁን ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ተሰፋው እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የጉልበት ጊዜ አይደሉም፤ የደም ጊዜ ናቸው። እጅ ትራስ ላይ ከፍ ይላል፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ነርሷ በየሰዓቱ መጥታ የጣቱን ቀለም ታያለች፣ ሙቀቱን ትነካለች። ሲጋራ ክልክል ነው፤ ኒኮቲን ያን ቀጭን ደም ሥር ያጠብበዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጫትም ደም ሥር የሚያጠብብ ነው፤ ያው ተከልክሏል። በቡና ላይ ሐኪሞች ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ለጥንቃቄ ያስቀራሉ። ጋሼ ከሁሉም የመረረው ይኼ እንደነበር ነገረኝ። «ጣቴን ሲቆርጠው አላለቀስኩም፤ ሚስቴ ቡና ስታፈላ ሌላ ክፍል ስገባ ነው ያለቀስኩት» አለ። ጭሱ ይበቃው ነበር፤ ሽታው ክልክል አይደለም ብዬዋለሁ፣ ዘገየሁ እንጂ።

በእነዚህ ሳምንታት ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ትከሻ ይንቀሳቀሳል፣ ክርን ይታጠፋል፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ደህናዎቹ ጣቶችም ቀስ ብለው። ትከሻውን ደረቱ ላይ አጣብቆ ከርሞ፣ ጣቱ ሲድን ትከሻው የደረቀበት ሰው ስንት አይቻለሁ! አጥንቱን የያዘው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ይወጣል። የደረቀው መገጣጠሚያ ሥራም በዚያ ይጀምራል። በደህናው እጅ የመሀለኛውን አንጓ ይይዙና ጫፉን ብቻ ማጠፍ፣ መዘርጋት፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ሲያዩት ሥራ አይመስልም። ጋሼ «ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» እያለ ነበር የሠራው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት። ያን የእንቁላሉን ተረት ግን አልተረትኩበትም፤ እሱ ለእኔም ሰልችቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጣት ላይ ያለው ሌላው ነገር ስሜት ነው።

በ1984 ኡሜዮ በምትባል የስዊድን ከተማ ዮሃንሶንና ዌስትሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ትንሽ ዕቃ በሁለት ጣት ቆንጥጠው እንዲያነሱ አደረጉ። ምን አዩ? ሰው ዕቃ ሲይዝ የሚጠቀመው ጉልበት ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሚበቃው ትንሽ ብቻ ይበልጣል። ዕቃው ንቅ ሲል፣ እኛ ሳናውቀው፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ጊዜ ጣታችን ጠበቅ ያደርጋል። ሞልቶ የተቀዳ የቡና ስኒ አንሥታችሁ ከሰው ጋር የምታወሩት በዚህ ነው። ጣቶቹን በማደንዘዣ መርፌ ሲያደነዝዟቸው ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ጡንቻው ያው ነው፣ ጅማቱ ያው ነው፣ ግን አንዴ ከልክ በላይ ይጨብጣል፣ አንዴ ያመልጠዋል። የጋሼ መዶሻም የሚወድቀው ክንዱ ስለደከመ ብቻ አልነበረም። እጀታው መንሸራተት ሲጀምር የሚነግረው ስላጣ ነው።

ይህን እውነት ለማየት ስዊድን መሄድ አያስፈልግም፤ ዘነበወርቅ ሰፈር ይበቃል። ናራ ላይ ያ አውራ ጣት በተሰፋበት በ1965 እዚህ አዲስ አበባ፣ ቀድሞ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ግቢ፣ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ስሜት የሌለው እጅ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት የዚያ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ድሮ ሰው ሥጋ ደዌ ጣት የሚበላ ይመስለው ነበር። ሕንድ ውስጥ ቬሎር የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው ያንን ያፈረሰው፤ ጣቱን የሚወስደው በሽታው ራሱ ሳይሆን ሳይታወቅ የሚደርስ ጉዳት፣ ቃጠሎ፣ ከልክ ያለፈ ጭብጥ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ፣ ትልልቆች ያቃታቸውን የዛገ ቁልፍ ሲያዞር አየና ገረመው፤ እጁን ቢያየው ቁልፉ ሥጋውን ቀዶታል፣ ልጁ አልተሰማውም። ጉልበት ሞልቷል፤ ልጓም የለውም። እኔ ስሜት የምለው ያን ልጓም ነው።

ታዲያ ስሜት እንዴት ይመለሳል? ነርቩ ሲሰፋ የሚሰፋው ሽፋኑ ነው፤ ውስጡ ያለው ክር ከተቆረጠበት ጀምሮ እንደ ሐረግ መብቀል አለበት። ጥቂት ሳምንት ይዘገይና በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጫፍ የተቆረጠ ሰው ዕድለኛ ነው፣ መንገዱ አጭር ነው፤ ክንዱን የተቆረጠ ሰው ዓመት አልፎትም ይጠብቃል። የት እንደደረሰ ለማወቅ ጣቱን ከሥሩ ወደ ጫፉ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው፤ የደረሰበት ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ እንደነካው ይነዝራል። ይህን ምልክት በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በአንድ ወገን ፈረንሳዊው ቲኔል፣ በሌላው ወገን ጀርመናዊው ሆፍማን፣ ሳይገናኙ ጻፉት። ቁስለኛ በሁለቱም ወገን ብዙ ነበር።

ንዝረቱ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። «ባሰብኝ» ብሎ ይደውላል። አልባሰበትም፤ ቤቱ መብራት እየገባ ነው። መጀመሪያ ግን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጥጥ እንደ እሾህ ይወጋል፣ ነጠላ ሲነካው ያቃጥላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ፤ ጣቱን ጓንት ያለብሱታል፣ ከዓለም ይደብቁታል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው። በውጭ አገር ሕመምተኛው እጁን ሩዝ ውስጥ እንዲቀብር ያዙታል። እኛ ቤት ከዚያ የተሻለ መሰላል አለ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ እጁን ጤፍ ውስጥ አስገቡት፤ ጤፍ እንደ ውኃ ነው፣ ይፈሳል፣ አይወጋም። እሱን ሲለምድ ምስር፤ ከዚያ ሽንብራ፤ ከዚያ ባቄላ። በጨርቅም እንደዚሁ፤ በሻሽ ጀምሮ፣ በነጠላ፣ በጋቢ አልፎ ኬሻ መድረስ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ደጋግሞ። የጋሼ ባለቤት መጀመሪያ «ጤፍ በዚህ ዋጋ!» ብላ ነበር፤ እጁን ታጥቦ እንደሚገባና ጤፉም እንደማይባክን ሳስረዳት፣ አንድ ሳህን ለየችለት።

ግን ነርቭ ብቻውን አይበቃም፤ ጭንቅላትም አለ። እያንዳንዱ ጣት በአንጎላችን ውስጥ የራሱ ማሳ አለው። በ1984 ማይክል መርዘኒክና ባልደረቦቹ ጣት በተቆረጠባቸው ጦጣዎች አንጎል ላይ እንዳሳዩት፣ የአንድ ጣት ማሳ ጦም ሲያድር ጎረቤት ጣቶች ድንበር ይገፋሉ። የገጠር ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቱ ከተማ ገብቶ ሲመለስ ወሰኑ ተገፍቶ ያገኘዋል። የተሰፋው ጣትም ከወራት በኋላ ሲመለስ መሬቱን ማስመለስ አለበት፤ ሽማግሌ ልኮ ሳይሆን በመዳሰስ። ዓይን ጨፍኖ አንድ ነገር መንካት፣ ምን እንደሆነ መገመት፣ ዓይን ገልጦ ማየት፣ እንደገና ጨፍኖ መንካት። ሻካራ ነው ልስልስ? ሳንቲም ነው አዝራር? ይህ ሥራ ፊደል እንደመቁጠር ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ማንበብ በዚህ ነው የሚመጣው።

ኳስ መጨመቅስ? ይመጣል፣ በተራው። ሐኪሙ አጥንቱ መያዙን ካረጋገጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ፣ ጉልበት ቀስ ብሎ ይጀመራል። መጀመሪያ ስፖንጅ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መጭመቅ። ከዚያ ሊጥ፤ የዳቦ ቡኮ ከየትኛውም የፊዚዮቴራፒ ላስቲክ አይተናነስም፤ ሲቀጥን ቀላል፣ ሲጠነክር ከባድ፣ መጠኑን እንደልብ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ፎጣ መጠምዘዝ፤ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ በተጎዳው ጣትና በአውራ ጣት መክፈት። ሠራተኛ ለሆነ ሰው በመጨረሻ የራሱን ዕቃ እሰጠዋለሁ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ። ልኩን የሚነግራችሁ ጠዋት ነው። ዛሬ የሠራችሁት ነገ ጠዋት ጣቱን አብጦ ካሳደረው በዝቷል፤ ቀንሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ጆን ናፒየር የተባለ እንግሊዛዊ በ1956 የእጅን አያያዝ ለሁለት ከፍሎታል፦ አንዱ የጉልበት፣ ሌላው የስልት። መዶሻ ስትይዙ የጉልበት ነው፤ እዚያ ላይ የቀለበት ጣትና የማርያም ጣት ናቸው ባላባቶቹ። እንጀራ ስትቆርሱ፣ ስትጎርሱ፣ ሚስማር ይዛችሁ ስታቆሙ ግን የስልት ነው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ልምምድ ይፈልጋሉ። እጀታ የሚይዝ፣ ቁልፍ ግን የማይቆልፍ እጅ ግማሽ እጅ ነው።

የጭብጥን ጉልበት የምንለካው ዲናሞሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ሰውየው ይቀመጣል፣ ክርኑን አጥፎ ይጨብጣል፣ ሦስት ጊዜ፤ አማካዩን እንይዛለን። ከሌላው እጁ ጋር እናስተያያለን፤ ቀኝ እጅ ከግራ በጥቂቱ መብለጡ የተለመደ ነው። የጋሼ ግራ እጅ መጀመሪያ ሲለካ የቀኙን ሲሶ ያህል ነበር። ከኳሷ ይልቅ ጤፉንና ሊጡን በያዘበት ወር ቁጥሩ ብዙም አልጨመረም፤ ተናደደ። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግን ነዳ። ስሜቱ ገባ፣ መገጣጠሚያው ለቀቀ፣ ቀንበሩ ተፈታ። ጉልበት ሦስተኛ ሆኖ ነው የመጣው። ከዚያም በኋላ እስከ ዓመት ድረስ ትንሽ ትንሽ መጨመሩን አይተውም።

ሁሉም ነገር ተመለሰ እያልኩ አይደለም። ብርድ አለ። የሐምሌ ጠዋት የተሰፋ ጣት ነጭ ይሆናል፣ ይቆረጥማል፤ ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ደብረ ብርሃን የምትሠሩ ካላችሁ ጓንት ግዙ። ጥፍሩም ሊጣመም፣ ጫፉም ሊሟሽሽ ይችላል። መገጣጠሚያው እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይታጠፍ ይችላል። ሰው ግን በእነዚህ ሁሉ ይሠራል።

በእነዚህ የማይሠራ ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ጣቱን ያገለለ ሰው። ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ጣቱ ድኗል፣ ስሜት ገብቶታል፣ ይታጠፋል፤ ሰውየው ግን አዝራር ሲቆልፍ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ እንደ እንግዳ። ሻይ ሲጠጣ፣ ሳንቲም ሲቆጥር፣ ሌላው ጣት ሥራውን ተረክቦታል። ለምን ብትሉት «እንዳልነካው ብዬ ነው» ይላል። ሳያውቀው ልማድ ሆኗል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሰዎች ሲለማመዱ ከማያቸው ይልቅ ሲወጡ የበሩን እጀታ እንዴት እንደሚይዙ አያለሁ። ልምምድ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ በሩ ላይ ነው እውነቱ። ጋሼም ለሁለት ወር ያህል በሩን በአራት ጣት ነበር የሚከፍተው።

ይህ ከፊታችሁ ያለው በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ምንድን ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ኤሪክ ሞበርግ የተባለ ስዊድናዊ የእጅ ሐኪም በ1958 ያስተዋወቀው ፈተና ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አዝራር፣ ብሎን፣ ሚስማር። ዓይን ገልጦ አንድ ጊዜ፣ ጨፍኖ አንድ ጊዜ፣ እያነሡ ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። ስሜት የሌለው ጣት ዓይን ሲጨፈን ይጋለጣል፤ እጁ ያንን ጣት ትቶ በሌላ ማንሳት ይጀምራል።

ጋሼ በሰባተኛው ወር ይህን ሲሠራ ከጎኑ ቆሜ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ቁልፉን አነሳ፣ በሌባ ጣቱ። አዝራሩንም እንዲሁ። ልቤ ወረደ። ከዚያ እጁ ሚስማሩ ላይ ደረሰ፤ ቆም አለ፤ በአውራ ጣቱና በዚያ በተሰፋው የመሀል ጣት መሀል ይዞ አንከባለለው፣ ከራሱ እስከ ጫፉ ዳሰሰው። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፣ አናጺ ሚስማር የሚለካው እንደዚያ ነው።

«የስድስት ናት» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ትንሽ ጎብጣለች። ይቺን ለሰው አትስጥ።»

በሉ እንግዲህ፣ ጨርቁን አነሳሁት። ሚስማሯ እዚህ አለች፤ አላቃናኋትም። ማን ይጀምራል? ፊት ያሉት አባት፣ እርስዎ ይምጡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።